የማን ቃል ነው? የነአኩቶ ለአብ ትውፊትና የምንጭ አጠቃቀም ችግር በጥናታዊ ጽሑፎቻችን

ስለ ዛጒዌ ነገሥታት በሚቀርቡ የተማሪ ጥናቶች ውስጥ አንድ ታሪክ ደጋግሞ ያጋጥማል። ላሊበላ በንግሥት መስቀል ክብራ ግፊት ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ይለቃል። ዐሥራ ስምንት ወር እንዳለፈ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሡ ማዕድ ነጥቀው ይወስዳሉ። በዚህ የተቆጣችው ንግሥት ባሏ መንግሥቱን መልሶ እንዲይዝ ታደርጋለች። ታሪኩ አጭር ነው፤ ያምራል፤ ለመጻፍም ይመቻል። ችግሩ የሚጀምረው ይህን ማን ነገረህ ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ካነበባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች በአንዳንዶቹ ታሪኩ ያለ ምንም ምንጭ፣ በሌሎቹ ደግሞ «እንደሚታወቀው» በሚል መንደርደሪያ ብቻ ሰፍሮ አግኝቷል። የሚታወቀው ግን በማን ነው? ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በኦክስፎርድ ባሳተሙት፣ ከ1270 እስከ 1527 የነበረውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት በሚመረምረው መጽሐፋቸው፣ ይህን ትውፊት ያነሡና ላሊበላ ዙፋኑን በፈቃዱ መልቀቁን ይጠራጠራሉ። ከትውፊቱ ጀርባ የሥልጣን ነጠቃ ሳይኖር አይቀርም የሚል ግምት ይሰነዝራሉ። እንግዲህ ትውፊቱ አንድ ነገር ነው፤ የታሪክ ጸሐፊው ግምት ሌላ ነው። ተማሪው ሁለቱን ቀላቅሎ፣ ስም ሳይጠራ፣ ነአኩቶ ለአብ ዙፋን ነጥቆ ዐሥራ ስምንት ወር ገዛ ብሎ ሲጽፍ ግምቱ የተረጋገጠ ታሪክ ይሆናል። ቀጣዩ ተማሪ ይህንኑ ይቀዳል፤ ሦስተኛው ሁለቱን በዋቢነት ይጠራል። አንድ ምስክር ሦስት ሆኖ ቀረበ ማለት ነው።

የጽሑፍ ስርቆት በመምሪያዎችና በመማሪያ ክፍሎች ውስጥ የሚነገረው እንደ ምግባር ጉድለት ነው። ጉድለትነቱ አያከራክርም። በእኛ መስክ ግን ጉዳቱ ባለቤቱን ክብር በማሳጣት ብቻ አያበቃም፤ የማስረጃውን ዕድሜና አመጣጥም ያጠፋል። በተለይ የዛጒዌ ዘመን ምንጮች ጥቂቶች ናቸው። ገድሎቹ የተጻፉት ሥርወ መንግሥቱ በ1270 ካከተመ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ የላሊበላን ገድል ዡል ፔሩሾን በ1892፣ የነአኩቶ ለአብን ኮንቲ ሮሲኒ በ1943፣ የይምርሐነ ክርስቶስን ፓኦሎ ማራሲኒ በ1995 አሳትመዋል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እነዚህን እትሞች ገልጠው ሳያዩ ከሌላ ሰው የግርጌ ማስታወሻ ላይ አንሥተው በዋቢ ዝርዝራቸው የሚደረድሩ አሉ። ይህም ስርቆት ነው፤ የሚሰረቀው ግን የሌላው ቃል ሳይሆን የሌላው ድካም ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርብ መከላከያ አለ። ቃል በባህላችን የጋራ ሀብት ነው፤ ገድል ጸሐፊውም ከቀደሙት ገድሎች እየቀዳ ጽፏል፤ ስለዚህ የባለቤትነት ጥያቄ ከውጭ የመጣ ነው ይባላል። በአቅራቢው እምነት ይህ መከላከያ ባህሉን በቅጡ አለማየት ነው። የጻድቁ ልደት በምልክት መታጀቡ፣ ፈተናው፣ በመጨረሻም ከፈጣሪ የሚቀበለው ቃል ኪዳን የገድል ዘውግ መልክ ናቸው። ጸሐፊው አዲስ ነገር አገኘሁ አላለም፤ አንባቢውም ይህን አልጠበቀበትም። ተመራማሪ ግን ስሙን በጽሑፉ ራስ ላይ ሲያኖር ይህ የእኔ ግኝት ነው እያለ ነው።

ደግሞስ ሊቃውንቱ የባለቤትነትን ነገር አያውቁም ያለው ማን ነው? በዚያው በሰሜን ወሎ ያለው ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ ቤት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ትናንት ሌላው የተናገረውን ዛሬ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ያፍራል። (ቋንቋችን ቅኔ ማፍለቅን «ዘረፋ» ብሎ መጥራቱ ያስገርማል፤ ዘራፊው ግን የሰው ቤት አይገባም።) ከሁሉ በላይ አንድምታው ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ተርጓሚው ሲጠቅስ «እንዲል» ብሎ የጥቅሱን ድንበር ያሳያል፤ ሌላ አተረጓጎም ሲያመጣ «አንድም» ብሎ ከፊተኛው ይለየዋል። የእኛ ተማሪ የሚጨፈልቀው በትክክል ይህንን ልዩነት ነው።

በትርጉም የሚፈጸመው ስርቆት ለብቻው መታየት አለበት። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንቀጽ ቃሉ ስለተለወጠ ብቻ የራስ ይመስላል፤ የጽሑፎችን ተመሳሳይነት የሚለዩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም በቀላሉ አይደርሱበትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጠበትን ሥራ ነው። የሐሳቡን ባለቤት መጥራት እንግዲህ በጸሐፊው ኅሊናና በአማካሪው ንቃት ላይ የወደቀ ሥራ ነው።

የቃል ምንጭስ? ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በዋሻ ውስጥ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳዎች ተጠራቅሞ ለጠበል ይውላል። እዚያ ሄዶ ካህናቱን ጠይቆ የተመለሰ ተማሪ «የአካባቢው ሰዎች እንደሚሉት» ብሎ ያልፋል። የትኞቹ ሰዎች? መቼ? ከአባቶቻቸው ሰምተው ነው፣ ከመጽሐፍ አንብበው፣ ወይስ ከአስጎብኚ ሰምተው? በ1972 የታተመ ቃል ዞሮ ወደ ቦታው ተመልሶ እንደ ጥንታዊ ትውፊት ሊቀዳ ይችላል። አዋቂውም ስማቸው እንዲነሣ ከፈቀዱ ሊጻፍላቸው ይገባል፤ አለበለዚያ የድኻውን ላም ለንጉሡ ማዕድ ከነዱት ወታደሮች በምን እንለያለን?

ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦ ትውፊቱ ላሊበላ ዙፋኑን ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀ ይላል፤ ታደሰ (1972) ግን ነጠቃ ነበር ብለው ይጠረጥራሉ፤ እኔ በቦታው ከእገሌ በዚህ ቀን የሰማሁት ከሁለቱ በዚህ ይለያል። ይረዝማል፤ ለጆሮም አይጥም። ነገር ግን ምንጮቹ በዚህ ዓይነት ከተለያዩ በኋላ ነው ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚስብ ጥያቄ የሚወጣው። ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 3 ቀን በቅድስና የምታስበው ንጉሥ፣ ወታደሮቹ የድኻ ላም የሚነጥቁበት ንጉሥ ሆኖ የሚተረከው በእነማን አፍ፣ በየትኛው ዘመንና ለማን ጥቅም ነው?