ሳላያቸው፦ ስለ ተስፋዬ ገሠሠ አራት ሙያዎች

ቡልቡላ ቴአትር ቤት የላትም። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከባቱ ወደ ላንጋኖ የሚሄድ መንገደኛ ሻይ ሊጠጣ ካልወረደ ስሟን እንኳ ልብ አይልም። እኔ ግን ቴአትር ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚያው ነው፤ ትምህርት ቤታችን ውስጥ፣ ዴስኮች ገጣጥመን በሠራነው መድረክ ላይ።

የድራማ ክበባችንን የሚመሩት መምህር አንድ ቀን ሙሉ ጀሪካን እንደተሸከምን አስመስለን እንድንራመድ አዘዙን። ሁላችንም ፊታችንን አጨማደድን፤ አቃሰትን። መምህሩ ሳቁና በአፋን ኦሮሞ «ፊታችሁን ተዉት» አሉን። ከዚያ በአጥሩ በኩል ውኃ ቀድታ የምትመለስ ልጅ አሳዩን። ልጅቷ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች ነበር፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ክብደቱ የሚታየው ባዶው እጇ ላይ ነው፤ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። ያቺን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

መምህራችን ይህን የተማሩት በመምህራን ኮሌጅ ሳሉ ነው። ያስተማሯቸው ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተመረቁ ነበሩ። ይህን በ2013 ዓ.ም. ጋሽ ተስፋዬ ገሠሠ ሲያርፉ አስታወስኩት። የኀዘን መግለጫዎቹ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ «ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ መምህርና ጸሐፊ» ይሉ ነበር፤ ከዚያም «ሁለገብ» የምትለዋ ቃል ትከተላለች። ይቺ ቃል አትጥመኝም። አራት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ላይ ጠቅልላ ካመሰገነች በኋላ አንዳቸውንም ለይተን እንዳንመዝን ታደርገናለች።

እስቲ እንለያቸው። ጋሽ ተስፋዬ አሜሪካ፣ ኢሊኖይ በሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምረው ወደ አገር ተመለሱ። ተወኑ፤ አዘጋጁ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው በተቋቋመው የኪነ ጥበብ ማዕከል ሠሩ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን ሀገር ፍቅርንም፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትርንም መርተዋል። «የሺ»ን እና «ዕቃው»ን ጻፉ፤ የዑመር ኻያምን ሩባያት ወደ አማርኛ መለሱ። ከዚያም በ1970ዎቹ መባቻ ዩኒቨርሲቲው የቴአትር ትምህርት ክፍል ሲከፍት ከመሥራቾቹና ከመምህራኑ አንዱ ሆኑ።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ለእኔ ትውልድ ምን ደረሰ?

የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው፤ ስለዚህ በማውቀው ላስረዳ። የተጻፈ ፕሮግራም አንድ ነገር ነው፤ ሲሠራ የሚታየው ፕሮግራም ሌላ። ኮዱ ፋይል ላይ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሮጥ የነበረው ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ካልመዘገብከው ምን እንዳደረገ ማንም አያውቅም። ተውኔትና ትወናም እንዲሁ ናቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ መጋረጃው በተዘጋ ቁጥር ያ ምሽት ያበቃለታል። ተመልካቹ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተመልካቹም ያረጃል።

ስለዚህ ጋሽ ተስፋዬን «ታላቅ ተዋናይ ነበሩ» ብዬ ብጽፍ የሰማሁትን መድገሜ እንጂ ሂስ መጻፌ አይደለም። ያላየሁትን ትወና አላሞግስም፤ አልነቅፍምም። ከወጋየሁ ንጋቱ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል። ወጋየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ስለተረከው፣ ቴአትር ቤት ደጃፍ ደርሳ የማታውቀው እናቴ ድምፁን በሁለት ቃል ትለያለች። ቀረጻው ስላለ እኔም የት ላይ እንደሚያዘግም፣ የት ላይ ድምፁን እንደሚቀይር ጠቅሼ ልከራከርበት እችላለሁ። ማይክሮፎኑ ለወጋየሁ ያደረገውን መድረክ ለማንም አያደርግም።

«ጽሑፍስ? የተጻፈ ይቀራል እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። ይቀራል፤ ግን የሚቀረው ደግሞ ሲታተምና መጽሐፍ መደብር ሲደርስ ነው። አዳማ ላይ መጻሕፍት መደብር ለመደብር እየዞርኩ ተውኔቶቻቸውን ጠይቄ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ሌላም ነገር አለ። ሁለት ትልልቅ ቴአትር ቤቶችን የመራ ሰው ስንት ቀን በስብሰባ፣ ስንት ቀን በደብዳቤ እንደሚያልፍበት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላ የሠለጠነ ሰው በበቂ ስላልነበረ ሁሉም ነገር በጥቂቶች ትከሻ ላይ ወደቀ። «ሁለገብ» ያልነው ነገር ግማሹ ተሰጥኦ ከሆነ ግማሹ የሰው እጥረት ነው። እጥረቱን እንደ ሽልማት ቆጥረን ማጨብጨባችን ያሳዝነኛል፤ ዋጋው ያልተጻፉ ተውኔቶች ናቸውና።

አራተኛው ሙያ ማስተማር ነው፤ በኀዘን መግለጫዎቹም ባለች አንዲት መስመር የታለፈው እሱ ነው። ግን አስቡት። ከትምህርት ክፍሉ በፊት አብዛኛው ተዋናይ ሙያውን የሚማረው እዚያው ሥራው ላይ፣ ከቀደመው እያየ ነበር። ጥሩውንም ልማድ ይወርሳል፤ መጥፎውንም ይወርሳል። ክፍሉ ሲከፈት ሙያው ስም፣ ቅደም ተከተልና ልምምድ ያለው ትምህርት ሆነ። መንግሥቱ ለማን የመሰለ ጸሐፌ ተውኔትም እዚያ አስተምሯል። ቴአትር ቤቶቹ አዲስ አበባ ቀሩ፤ ተመራቂዎቹ ግን በየክልሉ ተበተኑ።

የጀሪካኑ ልምምድ የጋሽ ተስፋዬ ነው አልልም። የምለው፣ ያ ክፍል ባይከፈት ቡልቡላ ውስጥ «ፊታችሁን ተዉት» የሚል መምህር አላገኝም ነበር። ደግሞ ልብ በሉ፤ ትምህርቱ እኛ ዘንድ የደረሰው በአፋን ኦሮሞ ነው። ተውኔት ቋንቋ ሲሻገር ተርጓሚ ይፈልጋል። እጇን ዘርግታ የምትሄደውን ልጅ ማየት ግን ትርጉም አያሻውም።

እዚህ ላይ የራሴን ክርክር ጥቂት ማረም አለብኝ። አራቱን ሙያዎች ለያየኋቸው፤ ማስተማሩ ግን ከትወናው ተነጥሎ የሚቆም አይደለም። መድረክ ላይ ቆሞ ላብ ያላጠመቀው ሰው ተማሪው የት ላይ እንደሚዋሽ ቶሎ አይነቃበትም። ስለዚህ ያ ያላየነው ትወና ጨርሶ አልጠፋም ማለት ነው፤ ስም ሳይጻፍበት፣ እርማት ሆኖ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ነው። ችግሩ፣ ስም የሌለው ነገር ሲጠፋም አይታወቅም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በምስጋና ሳይሆን በልመና ነው የምጨርሰው። በእሳቸው ክፍል የተቀመጣችሁ ሰዎች አላችሁ፤ ዛሬ ብዙዎቻችሁ ጡረታ ላይ ናችሁ ወይም ተቃርባችኋል። «ታላቅ መምህር ነበሩ» ብላችሁ አትለፉን። የመጀመሪያው ቀን ምን አሠሯችሁ? የትኛውን ልምምድ አስደገሟችሁ? ሲቆጡ በምን ተቆጡ? ደብተራችሁ ካለ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት። ሂስ ሊጻፍ የሚችለው ያኔ ነው።

እኔ የበኩሌን ጀምሬያለሁ። ባለፈው እሑድ ቡልቡላ ወዳሉት መምህሬ ደውዬ ስለ ጀሪካኑ ጠየቅኳቸው። ረስተውታል። ልጅቷን ግን ያስታውሷታል፤ «ግራ እጇ ነበር አይደል?» አሉኝ። ቀኝ እጇ ነው፤ አላረምኳቸውም። የቀረውን ሁሉ እስኪነግሩኝ ዝም ብዬ ጻፍኩ።