«አድልዎ»ና ጎረቤቶቹ፦ ሳይመረምሩ ስለሚያዝ አሳብ የሚነገሩ ቃላት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአቤቱታ፣ በጋዜጣና በትርጉም ሥራ «አድልዎ» የሚለው ቃል ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት ይታያል። ሰው ነገሩን ሳይመረምር የያዘው አሳብ፣ በልቡ ያለው ጥላቻ፣ ለወገኑ መቆሙና በመጨረሻ የፈጸመው በደል ሁሉ በዚሁ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ይህ አጠቃቀም ለጸሐፊው ቢቀልም ቋንቋው የለየውን መልሶ ስለሚቀላቅል፣ ቃላቱን እያነጻጸርን ጉድለቱን ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ «አድልዎ» ራሱን እንመልከት። ቃሉ ከግእዝ የተወረሰ ሲሆን ሥሩ «ደለወ» መመዘንን ያመለክታል፤ ሚዛንም በግእዝ «መዳልው» ይባላል። በአማርኛ «አደላ» ስንል ወደ አንድ ጎን አዘነበለ ማለታችን ነው። እንግዲህ አድልዎ የሚባለው ሁለት ወገኖች ለሚዛን ቀርበው መዛኙ አንዱን ያለ አግባብ ሲያከብድ ነው። ስለዚህ ድርጊት ነው፤ ምስክር ሊቆጠርበትም ይችላል። «መድልዎ» ከዚያው ሥር ቢወጣም፣ በሕግ አነጋገር ዘርን፣ ሃይማኖትን ወይም ጾታን ምክንያት አድርጎ መብት መንፈግን ለመግለጽ እየጸና መጥቷል።

«ወገንተኝነት» ግን የሚነሣው ከሚዛን ሳይሆን ከቆሙበት ስፍራ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበረው የአብዮት ዘመን ለሰፊው ሕዝብ መወገን የሚያስመሰግን ነበር፤ በዳኛ ላይ ሲነገር ግን ቃሉ ነቀፌታ ነው። ይህም የሚያሳየው ወገንተኝነት በራሱ በጎም ክፉም አለመሆኑን፣ ፍርዱም እንደ ሰውየው የሥራ ኀላፊነት እንደሚለያይ ነው።

«ጭፍን ጥላቻ» የራሱ ረቂቅ መልክ አለው። መጨፈን የሚያይ ዐይንን መክደን እንጂ ዕውርነት አይደለም፤ ስለዚህ ቃሉ ማየት እየቻለ አላይም ያለውን ሰው ይወቅሳል። ከ«ቂም»ም ይለያል። ባለ ቂም የተበደለበትን ቀን ያስታውሳል፤ በጭፍን የሚጠላ ግን የሚጠላውን ሰው ከነጭራሹ ላያውቀው ይችላል። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የተያዘ አሳብ ሁሉ ጥላቻ አይደለም። «የአገሬ ልጅ አይዋሽም» ብሎ የሚያምን ዳኛ ማንንም አልጠላም፤ ሚዛኑ ግን ምስክር ሳይሰማ አዘንብሏል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት አንዳንድ ተርጓሚዎች «ቅድመ ፍርድ» ይላሉ። አሠራሩ የግእዝን ሥርዐት የጠበቀ ነው። ነገር ግን «ቅድመ ታሪክ» ከታሪክ በፊት ያለውን ዘመን እንደሚያመለክት ሁሉ፣ «ቅድመ ፍርድ»ም ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ያለውን የክርክር ጊዜ ያስመስላል። በተለይ ለችሎት አሻሚ ቃል ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ለማስረዳት፣ በልደታ ለሚያስችለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ የሚጻፍ አቤቱታን ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ዳኛ ከችሎት ስለሚነሣባቸው ምክንያቶች ቀደም ሲል አዋጅ ቁጥር 25/1988፣ ዛሬ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይደነግጋሉ። ከምክንያቶቹም መካከል የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድናና ቀድሞ የተከራካሪው ጠበቃ መሆን ይገኛሉ። በነዚህ ሁሉ ዳኛው ገና አንዳች አልፈጸመም፤ ሕጉ የሚጠነቀቀው ለሚመጣው ነው። እንግዲህ ባለጉዳዩ «ዳኛው አድልዎ ስለ ፈጸሙ ይነሡልኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ ማስረጃ የሚያሻው ክስ በራሱ ላይ ይጭናል፤ የዳኛውንም ክብር ይነካል። «እንዳያደሉ ያሠጋኛል» ቢል ግን አቤቱታው ከሕጉ መንፈስ ጋር ይገጥማል። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ግስ ቢመስልም፣ የሰው መብት ሊወሰንበት ይችላል።

ስለ ኮምፒዩተር በሚጻፈውም ተመሳሳይ ችግር አለ። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ሲሳሳት «ዝንፈት» ማለቱ ይበቃል። በዚያ ስሕተት ሳቢያ ሰዎች በዘራቸው ወይም በጾታቸው ብድር ወይም ሥራ ከተከለከሉ ግን ውጤቱ መድልዎ ነው።

ከዚህ በመነሣት መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «አድልዎ»ን ለድርጊት፣ «መድልዎ»ን ለመብት መንፈግ፣ «ወገንተኝነት»ን ለአቋም፣ «ጭፍን ጥላቻ»ን ለስሜት ወስነው በየፍቺው ምሳሌ ዐረፍተ ነገር ቢያኖሩ ይበጃል። ገና በልብ ላለውም «ያደላ አሳብ» የሚለው፣ በመውደድም በመጥላትም ለሚመጣው ስለሚስማማ፣ ከ«ቅድመ ፍርድ» ይመረጣል።