ደመወዙ ከበሽተኛው ኪስ ሲመጣ

ሉክ ሎረንትዘን እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረበው «ሚድናይት ፋሚሊ» (የእኩለ ሌሊት ቤተሰብ) የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም፣ በሜክሲኮ ሲቲ በግል አምቡላንስ ሥራ የሚተዳደረውን የኦቾአ ቤተሰብ ይከተላል። ለ9 ሚሊዮን ነዋሪ የተመደቡት የመንግሥት አምቡላንሶች ከ45 እንደሚያንሱ በመክፈቻው ይገልጻል። ክፍተቱን የሚሞሉት አደጋ በተሰማ ቁጥር እርስ በርስ የሚሽቀዳደሙ፣ ፖሊስም ጉቦ የሚጠይቃቸው የግል አምቡላንሶች ናቸው።

የፊልሙ ብርታት ተራኪ የሌለው መሆኑ ነው። የ17 ዓመቱ ሁዋንና ባልደረቦቹ ተጎጂውን አጽናንተው ሲያበቁ ሒሳብ ሲጠይቁ፣ ብዙ ጊዜም ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ያሳየናል እንጂ አይፈርድባቸውም። ተመልካቹ ግን «በሽተኛው ወደ ግል ሆስፒታል የተወሰደው ስለሚበጀው ነው ወይስ ሆስፒታሉ ለአምቡላንሱ ስለሚከፍል?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል።

ጉድለቱ ስለ ሠራተኞቹ ሥልጠናና ስለ ሕክምናው ጥራት የሚነግረን ጥቂት መሆኑ ነው፤ ለጤና ባለሙያ ይህ ቀላል ግድፈት አይደለም።

ሆኖም በግል አምቡላንስ ድርጅት ለመቀጠር የሚያስብ ባለሙያ ከደመወዙ መጠን በፊት ምንጩን እንዲመረምር ያስተምራል። ደመወዙ ቋሚ ነው ወይስ በተጓጓዘው በሽተኛ ቁጥር ይሰላል? መክፈል ያልቻለ ሰው ሒሳብ በማን ላይ ይወድቃል? ሆስፒታሉን የሚመርጠውስ ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥርት ያለ መልስ በሌለበት ድርጅት፣ የደግ ሰው ኅሊና እንኳ ከጓዳው ችግር ጋር መታገሉ እንደማይቀር የዚህ ቤተሰብ ሌሊቶች ይመሰክራሉ።