የሂሩት ጥይት፣ የመዓዛ ፊልም

«ድፍረት» አስቸጋሪ ቃል ነው። ጀግናም ይደፍራል፣ ደፋሪም ይደፍራል። አንዱን «ደፋር ነው» ስንል እናሞግሰዋለን፤ «ልጅቷ ተደፈረች» ስንል ግን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ይህን ስም ለፊልሙ ሲመርጥ ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። በሌላ ቋንቋ ማብራሪያ የሚያስፈልገውን ነገር የአማርኛ ተመልካች ገና ከፖስተሩ ላይ ያነበዋል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። አንጀሊና ጆሊ ከፕሮዲውሰሮቹ ጋር ስሟን አስገባች። ኢትዮጵያንም ወክሎ ለኦስካር ተላከ። ያኔ ብዙ ተጽፎበታል፣ አብዛኛው ምስጋና ነው፣ ምስጋናውም ይገባዋል። እኔ ከዓመታት በኋላ ልመለስበት የተነሣሁት ዲላ ላይ ለጥቂት ተማሪዎች በላፕቶፕ ካሳየሁት በኋላ ነው። ውይይቱ ስለ ጠለፋ ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ከወናጎ የመጣች አንዲት ተማሪ ግን እጇን አውጥታ፣ «ስንቅ ማን ያመጣላት ነበር?» አለች።

ታሪኩን ለማያስታውስ ባጭሩ ልንገር። በ1989 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጠላፊው ደፈራት፤ ልታመልጥ ስትል መሣሪያ ይዛ ወጣች፣ ሲደርስባት ተኮሰችና ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት፤ ሁለት ዓመት ገደማ ከፈጀ ክርክር በኋላ ራስን መከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። በፊልሙ ስሟ ሂሩት ነው። እውነተኛ ስሟን ማንም በቀላሉ ያገኘዋል፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ጊዜው ምን ዓይነት ጊዜ እንደነበር ካልታወሰ ጥይቱ ትርጉም አይኖረውም። በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱ ይቀርለታል። እንግዲህ አስቡት፦ ወንጀሉ ራሱን በራሱ የሚሰርዝበት መንገድ አለው ማለት ነው፤ መንገዱም ወንጀሉን እስከ መጨረሻው መፈጸም ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ቅጣቱን ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት ጽኑ እስራት አደረገው፤ ጋብቻ ተፈጸመም አልተፈጸመ ከተጠያቂነት አያድንም ብሎም ጻፈ። በዚያች ልጅና በዚህ አንቀጽ መካከል ስምንት ዓመት አለ። ማኅበሩና ሌሎች ሴቶች የሮጡበት ስምንት ዓመት ነው፤ ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም።

የፊልሙ ምርጥ ክፍል መጀመሪያው ነው። ትዝታ ሐገሬ ሂሩትን ስትጫወት የምትሠራው ነገር ጥቂት ነው፣ ግን በቂ ነው። ወደሚቀጥለው ክፍል በመዛወሯ ደስ ያላት ልጅ በመንገድ ላይ ስትሄድ እናያለን፤ ከዚያ ፈረሶቹ ይመጣሉ። ዘረሰናይ መደፈሩን አያሳየንም፣ እንድናየውም አያጓጓንም። ይህ ቀላል የሚመስል ውሳኔ ነው፤ ሲኒማችን ግን በሴት ጩኸት ላይ ካሜራ መደገን የሚወድ ሆኖ ስለኖረ ውሳኔው ሊመሰገን ይገባል። ጠመንጃውን ስታነሣ በፊቷ ላይ ቁጣ የለም። የሚታየው የቸኮለ ሰው ፊት ነው።

ከዚያ መዓዛ ትገባለች፣ ፊልሙም እጅ ይቀይራል።

ሜሮን ጌትነት ጎበዝ ተዋናይ ናት፣ መዓዛ አሸናፊም ታሪክ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ፣ በኋላም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩ። ስለሳቸው ፊልም መሠራቱ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ በሂሩት ጥይት የተጀመረ ፊልም ሂሩትን ፋይል አድርጎ መቀጠሉ ነው። ጠበቃዋ ትሮጣለች፣ ፖሊስ ጣቢያ ትከራከራለች፣ ሚኒስቴሩን ትከሳለች፣ ማኅበሯ ይታገዳል። በነገራችን ላይ እገዳው እውነት ነው፣ ግን የሆነው እ.ኤ.አ. በ2001 በሌላ ጉዳይ ምክንያት ነው፤ ፊልሙ ወደዚህ ያመጣው ውጥረት ለመፍጠር ነው። ፊልም ነውና ይፈቀድለታል እንበል። ውጤቱ ግን ምንድነው? ትልቁ አደጋ የማኅበሩ ፈቃድ ይሆንና ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ትጠፋናለች።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልምጣ፤ ጌዴኦ ላይ ሆኖ ፊልሙን ለሚያይ ሰው የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የልጅቷን ጉዳይ ያያሉ። ልጅቷ የለችም፤ አባቷ ይቆማል፣ የሟች ወገን ይቆማል፣ ወንዶች ይናገራሉ። ከተማ የኖረ ተመልካች ይህን ሲያይ «ኋላ ቀርነት» ብሎ ይገላገላል። የኔ ተማሪዎች ግን ዝም አሉ፤ ምክንያቱም ያ ዛፍ የሚያውቁት ዛፍ ነው። ጌዴኦ ሶንጎ አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የእንሰትና የቡና መልክዓ ምድር እስካሁን ያቆየው አንዱ ነገር ይኸው የሶንጎ ሥርዓት ነው። መሬት ሲያጣላ፣ ደም ሲፈስ፣ ዛፍ ያለ ወግ ሲቆረጥ ሶንጎ ይቀመጣል። ሶንጎ እስር ቤት የለውም። ካሳ አለው፣ ዕርቅ አለው፣ ማግለል አለው።

ዳኝነቱ ግን የወንድ ነው። ለምን ተብለው ሲጠየቁ ጌዴኦም ጉጂም ሽማግሌዎች የሚያወሩት ተረት አለ፤ የአኮ ማኖዬ ተረት። ድሮ የምትገዛ ሴት ነበረች፤ ወንዶቹን የሴት ሥራ አሠራቻቸው፣ የማይቻል ነገር አምጡ እያለች አስጨነቀቻቸው። በመጨረሻ ጉድጓድ ቆፍረው በቁርበት ሸፈኑትና እዚያ ላይ እንድትቀመጥ አደረጉ። ገባች፣ ቀረች። ተረቱ ሲነገር ይሳቃል፣ እኔም ስሰማው ስቄያለሁ። «ድፍረት»ን ካየሁ በኋላ ግን ዓይኔ ጉድጓዱ ላይ ቀረ፦ በሴቲቱ ጉዳይ የተቀመጠ ሸንጎ የለም፣ የቀረበባት ክስ የለም፣ ይናገርልኝ የምትለው ሰው የለም። ቁርበት ብቻ ነው።

ፊልሙ ይህን ሁሉ በሁለት ወገን ይከፍለዋል፤ ዛፉ ክፉ፣ ፍርድ ቤቱ ደግ። እኔ አልቀበለውም። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ከመንደር አራቋት፣ መንግሥት ደግሞ ቆለፈባት። ሁለቱም ከቤቷ አወጧት። ነፃ ያወጣት ዳኛ እንኳ ወደ ቤቷ ሊመልሳት አልቻለም። እዚህ ላይ ፊልሙ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ትልቅ ፊልም ይሆን ነበር።

ቋንቋም አለ። አርሲ ላይ የሆነ ታሪክ በአማርኛ ሲተረክ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ይሰማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በማይገባው ቋንቋ ከተከራከሩበት መንግሥት አስተርጓሚ ያቁምለት ይላል። ይህ የተጻፈው ሰው ሁሉ እንደማይግባባ ስለሚታወቅ ነው። ጌዴኡፋ ብቻ የምትናገር ቡና ለቃሚ በአማርኛ የተጻፈ ክስ ሲነበብላት ምን እንደሚሰማት አስቡ። ስለራሷ የተነገረውን ከሌላ ሰው አፍ ትሰማለች፣ የመለሰችውም በሌላ ሰው አፍ ይጻፋል። «አዎ መታሁት» እና «አዎ፣ መትቶኝ መታሁት» በትርጉም መሐል አንዷን ቃል ብቻ ነው የሚጥሉት፤ በዓመት ሲቆጠር ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። ዘረሰናይ ይህን ድራማ ነፃ አግኝቶት ነበር፣ አልተጠቀመበትም።

አሁን ወደ ስንቁ። ልጅቷ የጠየቀችው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኛ አገር የታሰረን ሰው ወግ ያለው ቤተሰብ በየቀኑ በሳህን ይዞለት ይሄዳል፤ ዲላም ሆነ አዲስ አበባ፣ በእስር ቤት በር ላይ የምትሰለፈው ሴት ናት። ወንድ ሲታሰር ሚስት፣ እናት፣ እኅት ታመላልሳለች። ሴት ስትታሰርስ? ባልዋን ገድላ ከሆነ የባልዋ ዘመድ አያመጣላት፣ የራሷም ዘመድ ያፍርባታል። ልጆቿ ወይ አያት ቤት ይገባሉ ወይ ከሷ ጋር ይታሰራሉ። የፌዴራሉ የማረሚያ ቤት ሕግ ሕፃን እስከ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ከእናቱ ጋር ሊቆይ ይችላል ይላል። ከዚያ በኋላ የሚወስደው ሰው ከሌለስ? ሕፃኑ ያለ ጥፋቱ ፍርደኛ ይሆናል። ፊልሙ በዚህ ዓይነቱ ነገር ላይ አይዘገይም፤ እስሩ ለክርክሩ መነሻ ብቻ ነው።

ስሙን ራሱ ተመልከቱት። ወህኒ ነበር፤ ከጣልያን ቃል ተወስዶ ከርቸሌ ተባለ፤ አሁን ማረሚያ ቤት ነው። «ማረም» የተሳሳተን ማቃናትም ነው፣ ከእርሻ አረም መንቀልም ነው። እሷ የትኛው ናት ተብላ እንደገባች አንዳንዴ ግልጽ አይደለም።

ሂሩት ለፊልም የምትመች ተከሳሽ መሆኗንም መርሳት የለብንም። ልጅ ናት፣ ተማሪ ናት፣ ተጠልፋለች፣ ገዳይነቷም በአንድ ሌሊት ውስጥ ያለ ነው። ዐሥር ዓመት ተደብድባ ባልዋ በተኛበት ስለመታችው ሴት ፊልም የሠራ የለንም። በወለደች ሰዓት ሕፃኗን ስላጣችው የቤት ሠራተኛም እንዲሁ፤ የወንጀል ሕጉ ግን በአንቀጽ 544 እሷን ከነፍሰ ገዳይ ለይቶ ቀላል እስራት አስቀምጦላታል። አንዳንዴ ሕጉ ከሲኒማው ይቀድማል።

የመጀመሪያዋን ሴት እንግሊዝ ሠርታታለች። ኪራንጂት አህሉዋሊያ የምትባል የፓንጃብ ተወላጅ፣ ለዓመታት ሲያሠቃያት የኖረውን ባልዋን እ.ኤ.አ. በ1989 በተኛበት እሳት ለቀቀችበት፤ ሞተ። የዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስ የሚባል የሴቶች ማኅበር ይዟት ቆመ፤ በ1992 ፍርዱ ተሻረና ተፈታች። «ፕሮቮክድ» የሚለው የ2006 ፊልም ከዚህ ተሠራ። እንደ ሲኒማ «ድፍረት» ይበልጠዋል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ያ ፊልም የተነሣው ሴትዮዋ ራሷ ከራሂላ ጉፕታ ጋር ከጻፈችው መጽሐፍ ነው። ታሪኩ ወደ ፊልም ሲሄድ በሷ እጅ በኩል አልፏል።

እኛ ዘንድስ? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 «ድፍረት» አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። በሂሩት ስም የተሠራባት ሴት ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ የሚል አቤቱታ ነበራት። በኋላ ነገሩ ተቋጭቶ ፊልሙ ታየ። ያኔ ብዙ ሰው ገንዘብ ፈልጋ ነው አለ። ፈልጋስ ቢሆን? የ14 ዓመት ልጅ ሆና ያለ ፈቃዷ ስለተወሰደች የተሠራ ፊልም ፈቃዷን በሚመለከት ክርክር ውስጥ መግባቱ ከገንዘብ በላይ የሆነ ነገር ነው። ስሟን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

ስለ እስር በራሳቸው አፍ የተናገሩ ሴቶች የሉንም ማለቴ አይደለም። ሕይወት ተፈራ የኢሕአፓ ዘመናቸውንና እስራቸውን ጽፈዋል፤ ብርቱካን ሚደቅሳና ርእዮት ዓለሙ ሲታሰሩም ሲፈቱም አገር ሰምቷል። እነዚህ የተማሩ፣ በፖለቲካ የታሰሩ ሴቶች ናቸው፤ ብዕር ነበራቸው፣ ስማቸውን የሚጠራላቸው ሰው ነበራቸው። ከገደብ ወይም ከቡሌ የመጣች ፍርደኛ ከዚህ ሁሉ የላትም።

«ድፍረት»ን ያየ ሰው የቢቢሲውን የ1999 ዘጋቢ ፊልም ቢያገኝ ደግሞ ይየው። ሻርሎት ሜትካፍ ነች ያዘጋጀችው፤ ርእሱ በግርድፉ «ገዳይዋ ተማሪ» ነው፣ መጥፎ ርእስ ነው። ግን እዚያ ውስጥ ተዋናይ የለም፣ ልጅቷ ራሷ ናት።