ብልቃጡ ከጉና እስከ በሽሎ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ክትባት ይዛ የምትወጣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ውርጭንም ሐሩርንም ማወቅ አለባት። የጉና ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ቀበሌዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ ይመታቸዋል። ቁልቁል ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሲወረድ ደግሞ ቆላው በሚያዝያ ይነዳል። በትከሻዋ ያንጠለጠለችው የክትባት ሳጥን ግን በሁሉም ቦታ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ።

ጀማሪ የሚፈራው ሙቀቱን ብቻ ነው። የፖሊዮ ጠብታና የኩፍኝ ክትባት ሙቀት አይችሉምና ፍርሃቱ ልክ ነው። በብልቃጡ ላይ ያለችው ምልክትም ታግዛለች፤ በክቡ መሐል ያለችው ካሬ እየጠቆረች ከክቡ ጋር ከተመሳሰለች ክትባቱ አይሰጥም። ይህች ምልክት ስለ ብርድ ግን ምንም አትናገርም። አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታ በረዶ ከያዘው አቅሙን ያጣል፤ ሲቀልጥ ግን ደህና መስሎ ይታያል። ስለዚህ በሥራው የበሰለችው ባለሙያ አይስ ፓኩን ከፍሪዘር እንዳወጣችው ወደ ሳጥኑ አትከተውም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ላብ አውጥቶ ሲነቀነቅ በውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ትጠብቃለች። በችኮላ ጠዋት ይህን ያህል መታገሥ ከባድ ነው። ካልተደረገ ግን በጉና ሥር ያለ ሕፃን መርፌውን ይወጋል፣ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረግለታል፣ መከላከያው ግን የለውም። በየትኛውም ሪፖርት ላይ የማይታይ ጉድለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የሙያው ዋናው ፈተና ሳጥኑ አይደለም። ፈተናው ቀኑንና ቦታውን መምረጥ ነው።

ኢትዮጵያ መደበኛውን የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2000ው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶቹን ሁሉ ያገኙት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 39 በመቶ ደረሰ። በመካከሉ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ይኸው የ2016ቱ ጥናት ግን ሌላም ነገር አሳይቷል። ሙሉ ክትባት ያገኙት በአዲስ አበባ 89 በመቶ፣ በአፋር 15 በመቶ ናቸው፤ በአገሪቱ ከተሞች 65፣ በገጠር 35።

የክልልና የክልል ልዩነት በጋዜጣ ይወጣል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ያለውን ልዩነት ግን የሚያየው ጥቂት ነው። ወገዳ ከተማ ውስጥ ጤና ጣቢያ አጠገብ ያለች እናትና ከወገዳ ቁልቁል በበሽሎ በኩል ገደል ወርዳ የምትኖር እናት በስማዳ ወረዳ ሪፖርት ላይ ተደምረው አንድ መቶኛ ይሆናሉ። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከመቶ 95 ያህሉ መከላከያ ያለው መሆን አለበት። ወረዳው 90 በመቶ ቢያስመዘግብ እንኳ የቀሩት አሥሩ በየቦታው ተበትነው አይገኙም። አንድ ጎጥ ላይ፣ መንገድ በሌለው፣ ክረምት በወንዝ በሚቆረጠው ጎጥ ላይ ተከማችተው ነው የሚገኙት። ኩፍኝ ሲገባ የሚያገኛቸውም እዚያው ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከወረዳ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ጎጥ መውረድ አለበት፤ የጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደርም የሚጠቅመው ለዚህ ሥራ ሲውል ነው።

ፈንጣጣን ያጠፋው መንገድም ይህንኑ የመሰለ ነበር። ዘመቻው በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ በሽታው ያለበትን ቤት ፈልገው፣ ዙሪያውን እየከተቡ ገፉ። የአገሪቱ የመጨረሻ ታማሚ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ተገኘ። ያን ድል ያመጣው የተከታቢው ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ያልተነካውን ቤት ለማግኘት የተደረገው ፍለጋ ነበር።

አሁን ወደ ቀኑና ወደ ቦታው እንመለስ። በዚህ አገር ሰው የሚሰበሰበው በበዓል ቀን ነው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ ቀን አይታረስም፣ አይታጨድም፤ ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ የሚናገረውን ሁሉም ይሰማል። ስለዚህ ክትባቱን በወር በዓል ቀን፣ በደብሩ ዛፍ ጥላ ሥር ማዘጋጀት ጥሩ ብልሃት ነው። ብልሃቱ ግን ቀዳዳ አለው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ እናት እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የመጀመሪያው ፔንታ በ6ኛው ሳምንት፣ ማለትም በ42ኛው ቀን ነው፤ የወንዱ እናት ደርሳለች። የሴቷ እናት ግን አልደረሰችም። ሁለተኛው ፔንታ በ10ኛው ሳምንት፣ በ70ኛው ቀን ነው፤ አሁንም አልደረሰችም። ቦታው ከቅጥሩ ውስጥ ከሆነ ሴት ልጅ ከሦስቱ የፔንታ ክትባቶች ሁለቱ በጊዜያቸው ሊያመልጧት ይችላሉ፤ ይህን ያመጣው የማንም ክፋት አይደለም፣ የቦታ ምርጫ ብቻ ነው። መፍትሔውም ያን ያህል አይከብድም። ጠረጴዛውን ከቅጥሩ ውጭ፣ ትምህርት ቤት ወይም የዕድር ጥላ ሥር ማድረግ፤ ካህኑም አራስ እናቶች እንዲመጡ እንዲናገር መጠየቅ ነው። ክርስትና የተነሱትን ሕፃናት ከክትባት መዝገቡ ጋር ማስተያየትም የተረሳውን ልጅ ያወጣል። በጎጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ካሉ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ አይደርሳቸውምና ለእነሱ የተለየ መልእክተኛ ያስፈልጋል።

ከዚያ የብልቃጡ ጉዳይ ይመጣል። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ከቆላ ሦስት ሰዓት ሽቅብ የወጣች እናት ትመጣለች፤ ዘጠኝ ወር ሞልቶት ለኩፍኝ ክትባት የደረሰው ልጅ የእሷ ብቻ ነው። ባለሙያዋ የተረፈው እንዳይባክን፣ ከበላይም ወቀሳ እንዳይመጣ ብላ «በሚቀጥለው ወር ነይ» ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት የሚል ነው፤ ልክም ነው። የሚባክነው ክትባት ዋጋ ጥቂት ነው። ያቺ እናት ግን ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች። ባለሙያዋ በድፍረት እንድትከፍት ከተፈለገ ደግሞ ወረዳው ስለ ብክነት ብቻ ሳይሆን ሳይከተቡ ስለተመለሱ ልጆችም መጠየቅ አለበት።

ከመርፌው በኋላ የሚነገረው ቃልም የሙያው አካል ነው። ፔንታ የወሰደ ሕፃን ሌሊቱን ሊያተኩስ፣ ጭኑም ሊያብጥ ይችላል። ይህ አስቀድሞ ካልተነገራት እናት ልጄን አሳመሙት ብላ ትቀራለች። ካርድ የጠፋባት እናት መቆጣትን ትፈራለች። ልጇን የምታለብሰው ደህና ልብስ የሌላት ደግሞ በሰው ፊት ማውጣቱን ታፍራለች። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ የሴፍቲኔት ተረጂ የሆኑ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ እፍረቱ የሚበረታው በእነሱ ላይ ነው። አንዲት ቁጣ የአንድን ቤት ልጆች ሁሉ ከክትባት ልታስቀር ትችላለች። «ካርዱ ቢጠፋም ልጁን ይዘሽ ነይ» የሚለው ቃል ግን ወጪ የለውም።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከተማ በሰሜኑ ጦርነት ስትወድቅ ሴቶች ተደፈሩ፣ የጤና ተቋማትም ተዘረፉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ እየዘጋ ክትባትም ባለሙያም በየቦታው እንዲቀር አድርጓል። በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድም የፔንታ ክትባት ያላገኙት ሕፃናት ከ900 ሺህ በላይ ተገምተዋል። በእነዚህ ዓመታት የተወለዱት ልጆች አሁን በእግራቸው ይሄዳሉ፤ መደበኛው መዝገብ ግን በዋናነት አንድ ዓመት ያልሞላቸውን ስለሚከታተል በዕድሜ አልፈውታል። ፍለጋው እነሱንም ማካተት አለበት፤ በ15ኛው ወር የሚሰጠውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ያልወሰዱትንም እንዲሁ። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው የሚከላከለው ከመቶ 85 ያህሉን ብቻ ነውና።

የሥራው ወቅት ደግሞ ጠባብ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ በሽሎ የሚወርዱት ጅረቶች ይሞላሉ፣ ቆላው ጎጥም ከጤና ኬላው ይቆረጣል። ስለዚህ የጎጡ ዝርዝር በመስከረም ተጀምሮ እስከ ጥር መጠናቀቅ፣ ከግንቦት በፊት ሳጥኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቆላ መውረድ አለበት፤ በግንቦት የተወለዱት ልጆች ስምም ለክረምቱ ማብቂያ፣ ውኃው ሲጎድል ለሚደረገው የመጀመሪያ ጉዞ ተለይቶ ይያዝ።