ለነጋዴ ስልክ ስትመርጡ ካሜራውን ተዉት

ስለ ስልክ ምርጫ የሚያወሩ የአማርኛ ቪዲዮዎችን መቼም አይታችኋል። ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው? ራሙስ? በቃ፣ አለቀ። የጁቤ ገበያ ላይ ጤፍ ሸጦ ሒሳቡን በቴሌብር ለሚቀበል ነጋዴ ግን ይሄ ምክር ብዙም አይረባውም።

የእሱ ጭንቀት ኔትወርክ ነው። የ900 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ1800ው ይልቅ ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል። ስልኩ የአካባቢው ማማ 4ጂ የሚያሰራጭበትን ባንድ የማይቀበል ከሆነ ግን የቱንም ያህል ውድ ይሁን 4ጂ አያገኝም። ዘመድ ከውጭ አገር የላከው ስልክ ላይ ይሄ ሊያጋጥም ይችላል። ማማው ሲርቅ ደግሞ ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጣራ ሰው ጉልበት ይጨምራል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በ*127# ያለ ዳታ ይሠራል። ትእዛዙ የሚጓዘው ኔትወርኩ ጥሪዎችን በሚያቀናጅበት መስመር ስለሆነ ባለ ቁልፍ ስልክም ይበቃል። (ይሄን የሚነግራችሁ ስልክ ሻጭ ካገኛችሁ ደንበኛ አድርጉት!) ስማርት ስልክ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የጤፉን ፎቶ አዲስ አበባ ላለ ገዢ የሚልክ ሰው ያስፈልገዋል፤ እሱም ቢሆን መካከለኛ ካሜራ አያንሰውም።