የተማሪው ዕዳና የባንኩ ዕዳ

ከቶሮንቶ፣ ካናዳ

እዚህ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ግሪንውድ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ ያለ ሰው የማይሰማው አስተያየት የለም። ፖለቲካው፣ የቤት ኪራዩ፣ የዶላር ምንዛሪው፣ የልጆቻችን አማርኛ አለመቻል፣ ሁሉም በአንድ ጀበና ይፈላል። እኔም ከታዳሚዎቹ አንዱ ነኝ። እንጀራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍና የሌሎችን ፕሮግራም መፈተሽ በመሆኑ፣ ወሬው ወደ ኮምፒውተር ባዘነበለ ቁጥር «እስቲ አንተ ንገረን» እባላለሁ። የንግድ ባንክ ወሬ የመጣ ዕለትም ተጠይቄ ነበር። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠሁም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

ውድ አንባቢ፣ በመጀመሪያ ነገሩን እናስታውስ። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ፣ እንደ ፈረንጆቹ በማርች 2024 ማለት ነው፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌላቸው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ለሰዓታት ፈቀደ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በስልክ ተዛመተ፤ ተማሪው በእኩለ ሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ችግሩ ተደርሶበት እስኪቆም 490 ሺህ ያህል የገንዘብ እንቅስቃሴ ተካሂዷል። ባንኩ በኋላ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደወጣና አብዛኛው እንደተመለሰ አስታወቀ። ፕሬዚዳንቱ አቶ አቤ ሳኖ ገንዘቡን የመለሰ እንደማይከሰስ ተናገሩ። አልመለሱም የተባሉ ከ500 በላይ ሰዎች ግን ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ይፋ ወጣ፤ በቅርንጫፍ በር ላይም ተለጠፈ።

ቡና ቤቱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንደኛው ወገን «የመንግሥት ባንክ አይደል? እሰየው! ቢሊዮኑ ሲዘረፍ ዝም ያለ ሁሉ በድሃ ተማሪ ላይ ይጮሃል» አለ። ሁለተኛው ወገን «ትውልዱ አለቀለት፤ አባቶቻችን እኮ የወደቀ ሳንቲም አያነሱም ነበር» ብሎ አዘነ። ሁለቱም አስተያየቶች ከሩቅ ያምራሉ፤ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ግን አይጸኑም።

የመጀመሪያውን እንይ። ባንኩ የመንግሥት ነው፤ ገንዘቡ ግን የአስቀማጩ ነው። ጡረታዋን የምትጠብቅ አሮጊት፣ ጠላ ሸጣ ለልጇ የምታስቀምጥ እናት፣ ደሞዙ በዚያ የሚገባለት መምህር፣ ከ38 ሚሊዮን በላይ ከሆኑት የሂሳብ ባለቤቶች ውስጥ ናቸው። «የመንግሥት ነው» የሚለው ቃል ደግሞ ሹሙ ካዝናውን ሲያራቁት ለኅሊናው የሚነግረው ያው ቃል ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ስናወግዝ ኖረን ተማሪው ሲተገብረው ካጨበጨብን፣ ከሹሙ ጋር የነበረን ጠብ ስለ ፍትሕ ሳይሆን ስለ ተራ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ወገንስ? ለመሆኑ ይህን ልጅ ማን አሳደገው? በዚያው ወቅት የጥቁር ገበያው ምንዛሪ የባንኩን እጥፍ ያህል ነበር። ከእኛ መካከል ለእናቱ በባንክ በኩል የሚልክ ስንቱ ነበር? ራሴን ነጥዬ አይደለም የምናገረው። «ሁሉም ያደርገዋል፤ ደግሞስ ማን ተጎዳ?» እያልን አድርገነዋል። ተማሪውም ያለው ይህንኑ ነው።

ይህን የማውቀው ከእህቴ ልጅ ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሁሉም ሲያወጣ አይቼ 6 ሺህ ብር አወጣሁ። ግማሹን ጫማ ገዛሁበት፣ በላሁበት» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለእናቱ አልነገራትም። መልስ አልኩት። የጎደለውን 3 ሺህ ብርም ላክሁለት፤ ብድር እንጂ ስጦታ እንዳልሆነ ግን አስረግጬ ነገርኩት። እሺ ካለኝ በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «እኔስ ገንዘቡን እመልሳለሁ። ሲስተሙን ያበላሹትስ ምን ይመልሳሉ?»

ዝም አልኩ። በገዛ ሙያዬ ተጠይቄ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ብሔራዊ ባንክ ያኔ ባወጣው መግለጫ ችግሩ በመደበኛ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጊዜ እንደተፈጠረ ገልጿል፤ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ተነግሯል። ወደ ተራ አማርኛ ስንመልሰው፣ በሩን የሰበረ ሌባ አልነበረም፤ ቁልፍ ጠጋኙ በሩን ከፍቶት ሄደ ማለት ነው። ገንዘብ የሚከፍል ማንኛውም ፕሮግራም ብሩን ከመቁጠሩ በፊት «ይህ ሰው የጠየቀውን ያህል ገንዘብ አለው ወይ?» ብሎ ማጣራት አለበት። ፕሮግራሙ በተነካ ቁጥር ይህ ማጣሪያ በቦታው መኖሩ ይፈተሻል። 100 ብር ያለው ሰው 200 ብር ሲጠይቅ ምን ይሆናል? ይህ ለጀማሪ የሚሰጥ ፈተና ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛ አጥር አለ፤ የሌሊቱ ወጪ ከወትሮው ሲያሻቅብ ሰው የሚቀሰቅስ ማስጠንቀቂያ። ሁለቱም አጥሮች በአንድ ሌሊት ሲፈርሱ እንቅልፍ ያጣውን አንድ ወጣት ፕሮግራመር መውቀስ ቀላል ነው። ዋናው ጥያቄ ግን «ተፈትሿል» ብሎ የፈረመው ማነው የሚለው ነው።

በተቀመጥንበት አገርም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት በ2008 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2016፣ «ፊኒክስ» የተባለ የደሞዝ ክፍያ ሲስተም ሥራ ላይ አዋለ። ለአንዱ ሠራተኛ ደሞዙ ቀረበት፣ ለሌላው ተርፎ ተከፈለው። የተረፈው ሠራተኛ እንዲመልስ ተጠየቀ፤ በስህተት እጅህ የገባ ገንዘብ እዚህም ያንተ አይደለምና። ነገር ግን ዋናው ኦዲተር ማይክል ፈርግሰን በ2010 ዓ.ም. ለፓርላማ ባቀረቡት ሪፖርት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ኃላፊዎቹ ለበጀቱና ለጊዜ ሰሌዳው ሲሉ አስፈላጊ ክፍሎችን ከሲስተሙ መቁረጣቸውን፣ የሙከራ ትግበራውን መሰረዛቸውን፣ ሙሉውን ሳይፈትሹ ማስጀመራቸውን ዘረዘሩ። ካናዳን ለማሞካሸት አይደለም፤ ሠራተኛው ለዓመታት ተንገላቷል። ሆኖም የሠራተኛው ዕዳም የኃላፊው ጥፋትም በአደባባይ ተቆጥሯል።

ከዚህ የከፋው የብሪታንያ ታሪክ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት «ሆራይዘን» የተባለ የሂሳብ ፕሮግራም በሰጠው መረጃ ሰበብ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ አስተዳዳሪዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። ማሽኑ አይሳሳትም ተብሎ ሰው ታሰረ፣ ትዳር ፈረሰ። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ ለማውጣት ተገደደ። የንግድ ባንክ ዝርዝር የተሳሳተ ነበር አላልኩም። ነገር ግን አንድ ሲስተም በተሳሳተ ማግሥት በዚያው ሲስተም መዝገብ የሰው ፊት በር ላይ መለጠፍ ያስፈራል። ፍርድ ቤት የተፈጠረው ለዚህ ነው።

እኛ እኮ ይህን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም ነበር። እቁባችን ያውቀዋል። የእቁብ ጸሐፊ ተሳስቶ ለአንዱ ዕጣ ሁለት ጊዜ ቢከፍል፣ ተቀባዩ ገንዘቡን ይመልሳል፤ አልመልስም ካለ ዋሱ ይጠራል። ጸሐፊውም ተነስቶ የት ላይ እንደተሳሳተና ከእንግዲህ ደብተሩን ከማን ጋር እንደሚያመሳክር ለአባላቱ ያስረዳል። ጸሐፊው ተቀምጦ ተቀባዩ ብቻ የሚቆምበት እቁብ ወሩን አይደርስም።

ከባንኩ የምጠብቀውም ይህን ያህል ብቻ ነው። ስለ ጥፋተኞቹ ደንበኞች የተነገረን ከነፎቶግራፉ ነው፤ ስለ ሲስተሙ ግን «በጥገና ጊዜ» የሚል አንድ ሐረግ ደረሰን። የተለወጠው ምን ነበር? ፍተሻውን ማን አጸደቀ? ማስጠንቀቂያው ለምን ዘገየ? የዚህ መልስ ገንዘቡን ላስቀመጠው ሕዝብ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ የእህቴ ልጅ ከመለሰው 6 ሺህ ብር አይለይም።

ልጁ ብድሬን በትንሽ በትንሹ ከፍሎ ጨርሷል። እኔም የዝምታዬን ዕዳ በዚህ ጽሑፍ ከፍያለሁ። የቀረውን ዕዳ ባለዕዳው ያውቀዋል።

ቸር ይግጠመን።